ሙቀትን በልክ ስለ መስጠት፤ ኢንቨርተር ያለው የቤት ማሞቂያ አሠራር



በአዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ቤት ማሞቂያ መጻፍ ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። አፍሪካ ሁሉ ሐሩር ነው ብሎ የሚያስብ የውጭ ሰው ቢስቅብንም አይፈረድበትም። እኛ ግን የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበን የምናሳልፍ ሰዎች ነገሩ የሚያስቅ እንዳይደለ እናውቃለን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። በእነዚህ ሁለት ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ትሰደዋለች፤ በዚህም ምክንያት የንጋቱ አየር በአማካይ ወደ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሌሊቱ ከዚያ ትንሽ ለዘብ ቢልም፣ ቀኑ ራሱ ፀሐይ አጥቶ ስለሚውል ብርዱ ከርጥበት ጋር ተባብሮ ከአጥንት ይገባል።

ታዲያ ይህን ብርድ የምንከላከለው በምንድን ነው? በብዙ ቤት በከሰል ምድጃ ነው። ከሰል ቡና ይፈላበታል፣ ወጥ ይሠራበታል፣ ቤቱንም ያሞቃል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ ይኸውም የሚሰጠውን የሙቀት ልክ የሚወስንለት የሌለው መሆኑ ነው። ሲቀጣጠል ይበዛል፣ ሲከስም ያንሳል። ሲበዛ መስኮት እንከፍታለን፤ ሲያንስ መስኮቱን እንዘጋለን። መስኮቱ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ሞት ከእኛ ጋር አብሮ ሊያድር ይችላል።

ከሰል በሚነድበት ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የተባለው ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። እንግዲህ ደሙ ኦክሲጅን መሸከም ሲያቅተው ሰውዬው በመጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ቀጥሎ ይደክመዋል፣ ተኝቶም ከሆነ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰዎች «ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ከቀላ በኋላ ምንም አያደርግም» ይላሉ። ይህ አባባል ትክክል አይደለም፤ ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም ይህንኑ ጋዝ ይሰጣልና። በተጨማሪም የከተማችን አየር ከከፍታው የተነሣ ስስ በመሆኑ የምንተነፍሰው ኦክሲጅን ከቆላው ሰው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ ይከፋል።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። እሳት ሳያነድ፣ ጭስ ሳያወጣ፣ የሚሰጠውንም ሙቀት እንደ ቤቱ ፍላጎት እየቆጠበና እየጨመረ የሚሠራ መሣሪያ በዓለም ላይ ተሠርቶ ከተስፋፋ ቆይቷል። በእኛም ከተማ በባንኮችና በመሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እናየዋለን፤ ሕዝቡም «ኤሲ» ብሎ ይጠራዋል። ብዙዎቻችን ለማቀዝቀዣ ብቻ የተሠራ ይመስለናል፤ ነገር ግን አብዛኛው አዲስ ዓይነት በሁለት ወገን የሚሠራ ነው፤ ያቀዘቅዛልም፣ ያሞቃልም። እኔ የምገልጸው የሚያሞቅበትን መንገድ፣ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ ሙቀቱን በልክ የሚያደርግበትን ጥበብ ነው።

ሙቀትን ሽቅብ ስለ መቅዳት

በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተማርነው ሙቀት በራሱ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል እንጂ ከቀዘቀዘው ወደ ሞቀው አይሄድም። ውሃም እንደዚሁ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ሽቅብ አይወጣም፤ ሽቅብ እንዲወጣ ከተፈለገ ግን ፓምፕ ይተከልለታል። ለሙቀትም ፓምፕ አለው። ይህ መሣሪያ ከውጭ ካለው ቀዝቃዛ አየር ሙቀትን ቀድቶ ወደ ሞቀው ክፍል ስለሚያስገባ የሙቀት ፓምፕ ይባላል።

«8 ዲግሪ ያለው ብርዳም አየር ምን ሙቀት አለውና ይቀዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ይህ ነው፦ ሙቀት የሚያልቀው ከዜሮ በታች ወደ 273 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በዚህ አቆጣጠር 8 ዲግሪ ያለው አየር ገና 281 ዲግሪ ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለ ሆነ ብዙ ሙቀት በውስጡ አለ። ቀዝቃዛ የምንለው ከእኛ ገላ ጋር አነጻጽረን ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1824 ስለ ሙቀትና ስለ ሥራ ግንኙነት መሠረታዊውን ጥናት አሳተመ። በ1852 ደግሞ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን ቤትን በዚህ መንገድ ማሞቅ እንደሚቻል በጽሑፍ አሳየ። በስዊስ ሀገር የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንፃ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከአጠገቡ ከሚያልፈው ወንዝ ሙቀት እየቀዳ የሚሞቅበት ፓምፕ ተተከለለት። በየቤታችን ያለው ፍሪጅም ያው የሙቀት ፓምፕ ነው፤ ሙቀቱን ከወተቱና ከአትክልቱ ቀድቶ በጀርባው በኩል ያወጣል። እጅን ከፍሪጁ ጀርባ አስጠግቶ ሙቀቱን መመልከት ይቻላል።

የመሣሪያው ክፍሎች

መሣሪያው ሁለት ሳጥን አለው። አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ከውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሁለቱን የሚያገናኙ ሁለት የመዳብ ቱቦዎች አሉ። በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ነው፤ ዛሬ በብዙ መሣሪያ የሚሞላው አር-32 የተባለው ነው።

የዚህን ጋዝ ጠባይ ለመረዳት ከወጥ ቤት እንጀምር። በባሕር ዳርቻ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በእኛ ከተማ ግን የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለ ሆነ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽንብራ ቶሎ አልበስል የሚሉንም በዚህ ምክንያት ነው። በእንፋሎት ድስት ክዳኑን ስናጠብቅ ግን ግፊቱ ይጨምራል፣ መፍያውም ዲግሪ ከፍ ይላል። ስለዚህ ግፊትን በመለወጥ ብቻ መፍያውን ዲግሪ መለወጥ ይቻላል ማለት ነው። አር-32 በባሕር ጠለል ግፊት ከዜሮ በታች 52 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ግፊቱ 8 ባር ያህል ሲሆን በዜሮ ዲግሪ ይፈላል፤ 28 ባር ያህል ሲሆን ደግሞ በ45 ዲግሪ ይፈላል፤ ወይም ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል።

እንግዲህ ዙሩ እንዲህ ነው። ከውጭ ባለው ሳጥን ውስጥ ፈሳሹ በዝቅተኛ ግፊት ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ይገባል። የውጭው አየር 8 ዲግሪ ስለ ሆነ ከእርሱ ይሞቃል፤ ስለዚህ ሙቀት በተፈጥሮ ሕግ ከአየሩ ወደ ፈሳሹ ይገባል፤ ፈሳሹም ይፈላና ጋዝ ይሆናል። ጋዙን ኮምፕረሰር የተባለው ሞተር ስቦ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅም ግፊቱም ሙቀቱም ይጨምራል። ከዚህ በኋላ ወደ ቤት ውስጥ ወዳለው ሳጥን ይገባል። የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ፣ ጋዙ 45 ዲግሪ በመሆኑ ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በመጨረሻም በጠባብ ቫልቭ ሲያልፍ ግፊቱ ይወድቃል፣ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ውጭው ሳጥን ተመልሶም ዙሩን እንደገና ይጀምራል። ሙቀት በየትም ቦታ ሕጉን አልተላለፈም፤ ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ሄዷል። ሥራው ሁሉ የግፊት ነው።

ጥቅሙም ከዚህ ላይ ነው። ተራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ በልቶ የሚሰጠው 1 ኪሎዋት ሙቀት ነው፤ ከዚያ በላይ ሊሰጥ አይችልም። የሙቀት ፓምፕ ግን ኤሌክትሪኩን የሚጠቀመው ሙቀት ለመሸከም እንጂ ሙቀት ለመፍጠር ስላልሆነ፣ በ1 ኪሎዋት 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሙቀት ያስገባል።

ጥንት የነበረው አሠራርና ጉድለቱ

የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ኮምፕረሰር አንድ ፍጥነት ብቻ ነበረው። በመስመራችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ሞተሩም በሰከንድ ወደ 50 ዙር ይዞራል፤ ይህንንም ሊለውጠው አይችልም። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሁለት ቃል ብቻ ያውቃል፤ «ሥራ» እና «ቁም» ይላል። ክፍሉ 19 ዲግሪ ሲደርስ ያስነሣዋል፤ 21 ሲደርስ ያቆመዋል።

ይህን ከዘነበወርቅ ወደ አየር ጤና በሚሄድ የታክሲ ሾፌር ልንመስለው እንችላለን። አንዱ ሾፌር ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ ይበርራል፤ ወዲያው ፍሬን ይይዛል፤ እንደገና ይበርራል። ሌላው እንደ መንገዱ እየለዘበና እየፈጠነ ይሄዳል። ሁለቱም ይደርሳሉ፤ ነገር ግን የፊተኛው ነዳጅ ያባክናል፣ መኪናውን ያደክማል፣ ተሳፋሪውንም ያንገላታል። አንድ ፍጥነት ያለው ኮምፕረሰር እንደ ፊተኛው ሾፌር ነው። በተነሣ ቁጥር በመደበኛ ሥራው ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብዙ እጥፍ ይስባል፤ በቤት ያለው መብራትም ለቅጽበት ደብዘዝ ይላል። ክፍሉም አንዴ ይሞቃል፣ አንዴ ይበርዳል።

ኢንቨርተር ምን ያደርጋል?

በፈረንጅ 1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ኢንቨርተር የተባለውን ኤሌክትሮኒክ ክፍል በቤት ኤሲ ላይ አግብቶ ለገበያ አቀረበ። ሌሎቹም ተከተሉት። የኢንቨርተር ሥራ በሦስት ደረጃ ይከፈላል።

አንደኛ፣ ከመስመር የመጣው 220 ቮልት ተመላላሽ ኤሌክትሪክ በዳዮዶች አልፎ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ይሆናል። ካፓሲተር የተባለው ክፍልም ያጠራቅመዋል። የ220 ቮልት ከፍተኛው ጫፍ 311 ቮልት ያህል ስለ ሆነ የሚጠራቀመው በዚህ ልክ ነው።

ሁለተኛ፣ ስድስት ትራንዚስተሮች ይህን ኤሌክትሪክ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ ወደ ሞተሩ ይልኩታል። ክፍቱ ጊዜ ረዘም ሲል ሞተሩ የሚደርሰው ኃይል ይበዛል፤ ሲያጥር ያንሳል። በዚህ አኳኋን የፈለጉትን ድግግሞሽ ያለው አዲስ ተመላላሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ ይህን አዲስ ድግግሞሽ ተከትሎ ይዞራል። ስለዚህ የመስመሩ 50 ምልልስ ባሪያ መሆኑ ቀርቶ፣ እንደ ሠሪው ፋብሪካ ዓይነት፣ በሰከንድ ከ20 ዙር ባነሰ ፍጥነት ቀስ ብሎ መሄድ ወይም እስከ 100 ዙርና ከዚያም በላይ መፍጠን ይችላል። ሲነሣም ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ እያለ ስለሚፈጥን የቤቱን መብራት አያደበዝዝም።

ኮምፕረሰሩ በየዙሩ የሚያልፈው የጋዝ መጠን የተወሰነ ነው። ስለዚህ ዙሩ በግማሽ ሲቀነስ የሚዞረው ጋዝ ግማሽ ያህል ይሆናል፤ ወደ ቤት የሚገባውም ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሙቀት ልክ አጠባበቅ ዋናው ምሥጢር ይህ ነው፤ የሙቀቱ ልክ የሚወሰነው በኮምፕረሰሩ ፍጥነት ነው።

ነገር ግን ኮምፕረሰሩ ብቻውን ፍጥነቱን ቢለውጥ አይበቃም። ቫልቩም አብሮ መለወጥ አለበት። አለመጠን ከተከፈተ ያልፈላ ፈሳሽ ወደ ኮምፕረሰሩ ይገባል፤ ፈሳሽ ደግሞ የማይጨመቅ ስለ ሆነ ኮምፕረሰሩን ይሰብረዋል። አለመጠን ከተዘጋ የውጭው ሳጥን ፈሳሽ ይራባል፣ ሙቀትም መቅዳት ያቅተዋል። ስለዚህ በቫልቩ ላይ ያለ ትንሽ ሞተር መርፌውን በጣም ትንንሽ በሆነ እርምጃ እያስገባና እያስወጣ ያስተካክለዋል። ማራገቢያዎቹም እንዲሁ ከእነርሱ ጋር ይስማማሉ።

በዝግታ መሄድ ለምን ያተርፋል?

ከዚህ ላይ የካርኖን ሕግ ማንሣት ያስፈልጋል። የሙቀት ፓምፕ በ1 ኪሎዋት ሊያስገባ የሚችለው ከፍተኛው ሙቀት የሚገኘው፣ የላይኛው ሙቀት በኬልቪን ተቆጥሮ በሁለቱ ሙቀቶች ልዩነት ሲካፈል ነው። ኮምፕረሰሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ፣ ብዙ ሙቀት በአንድ ጊዜ በቱቦው ግድግዳ እንዲያልፍ ስለሚያስፈልግ፣ ጋዙ በአንድ በኩል እስከ 45 ዲግሪ መሞቅ፣ በሌላው በኩል እስከ ዜሮ መቀዝቀዝ አለበት እንበል። 318ን ለ45 ብናካፍል 7 ያህል ይሆናል። ቀስ ብሎ ሲሠራ ግን የሚያልፈው ሙቀት ጥቂት፣ የቱቦው ስፋት ግን ያው በመሆኑ፣ በ35 ዲግሪና በ4 ዲግሪ መካከል መሥራት ይችላል። 308ን ለ31 ብናካፍል ወደ 10 ይደርሳል። እውነተኛ መሣሪያ የዚህን ግማሽ ያህል ያገኛል ብንል፣ በፊተኛው 3.5፣ በኋለኛው 5 ማለት ነው። እንግዲህ ያው መሣሪያ በዝግታ ሲሄድ ከእያንዳንዱ ኪሎዋት የበለጠ ሙቀት ያመጣል።

ያለ ስሜት ልክ የለም

እስካሁን የገለጽሁት መሣሪያው እንዴት መቀነስና መጨመር እንደሚችል ነው። መቼ መቀነስና መቼ መጨመር እንዳለበት የሚያውቀውስ በምንድን ነው? ቴርሚስተር በተባሉ የምስር ፍሬ በሚያህሉ ስሜት ሰጪዎች ነው። ቴርሚስተር ሲሞቅ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይከለክላል። አንዱ የክፍሉን አየር፣ አንዱ የውስጡን ቱቦ፣ አንዱ የውጭውን አየር፣ ሌላውም ከኮምፕረሰሩ የሚወጣውን ጋዝ ይመለከታል።

ትንሹ ኮምፒዩተር በየጊዜው ሦስት ነገር ይመረምራል። ክፍሉ ከተፈለገው ምን ያህል ጎድሏል? ጉድለቱ እየጠበበ ነው ወይስ እየሰፋ? ጉድለቱስ ለምን ያህል ጊዜ ቆይቷል? ለምሳሌ የተፈለገው 20 ዲግሪ፣ ክፍሉ ያለው 14 ዲግሪ ቢሆን ኮምፕረሰሩን ያፈጥነዋል። ክፍሉ 18 ሲደርስና ቶሎ እየሞቀ መሆኑን ሲያይ፣ 20 እስኪሞላ ሳይጠብቅ ከወዲሁ ያለዝበዋል። 20 ሲሞላም አያቆመውም፤ ቤቱ በጣራውና በግድግዳው የሚያጣውን ያህል ብቻ እየተካ በዝግታ ያስኬደዋል። አንድ ሰው በር ከፍቶ ብርድ ቢያስገባ ጥቂት ይጨምራል፤ እንግዶች መጥተው ቤቱን ቢሞሉት ይቀንሳል።

እኛ የዘነበወርቅ ልጆች ይህን ነገር ከሌላ ሰፈር ልጅ ይልቅ ልንረዳው ይገባናል። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በዚያው ግቢ በፈረንጅ 1965 አለርት የተባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። አጠገቡ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተሰየመው የሕመሙን ባክቴሪያ በ1873 ባገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው። ይህ ባክቴሪያ ነርቭን ያጠቃል፤ ነርቩ ሲጎዳ እጅና እግር ስሜት ያጣሉ። ዛሬ ሕመሙ በመድኃኒት ይድናል፤ ነገር ግን ሕክምና ሳይደርስ የጠፋ ስሜት ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ስሜት ያለው እጅ ወደ ምድጃ ሲጠጋ ሳናስበው ወደ ኋላ ይሸሻል። ስሜት ያጣ እጅ ግን በጋለ ብረት ላይ ቢያርፍ አይሸሽም፤ ሰውዬው መቃጠሉን የሚያውቀው ቁስሉን ሲያይ ነው። ለሆስፒታሉ ቅርብ እንሁን ብለው በሰፈራችን የቀሩ ብዙ አባቶችና እናቶች አሉ። ለእነርሱ የከሰል ምድጃ ሁለት አደጋ አለው፤ አንደኛው ጋዙ፣ ሁለተኛው ቃጠሎው ነው። ስለ ቴርሚስተር ባነበብሁ ጊዜ በመጀመሪያ የታሰበኝ ይህ ነው። የመሣሪያውም የሰውም ነገር አንድ ነው፤ የማይሰማው ልክን ሊጠብቅ አይችልም። ከሙቀት ፓምፕ የሚወጣው አየር ግን ለብ ያለ ነፋስ ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ፍም ወይም የጋለ ብረት ክፍሉ ውስጥ የለም። ልኩንም የሚጠብቀው መሣሪያው ራሱ ነው።

በእኛ ቤት ቢሆን ስንት ይበቃል?

አሁን ደግሞ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ ክፍል እናስብ። ከውስጥና ከውጭ ባለው የሙቀት ልዩነት፣ በያንዳንዱ ዲግሪ 120 ዋት ያህል ሙቀት ያጣል እንበል። ውስጡን 20 ዲግሪ ለማድረግ፣ ውጭው 8 ሲሆን ልዩነቱ 12 ነውና 1,440 ዋት ያስፈልጋል። ውጭው 14 ሲሆን 720 ዋት፣ 17 ሲሆን 360 ዋት ብቻ ይበቃል። እንዲሁም አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ወደ 100 ዋት ሙቀት ይሰጣል። አራት ሰው ያለበት ቤት 400 ዋት ከራሱ ሰዎች ያገኛል ማለት ነው፤ ውጭው 17 ዲግሪ ሲሆን ማሞቂያ ጭራሽ አያስፈልገውም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። ሰው መሣሪያ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ትልቁ ስንት ይሰጣል?» ብሎ ነው። በእኛ አየር ጠባይ ግን የሚበልጠው ጥያቄ «ትንሹ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ለምሳሌ ከፍተኛው 3,500 ዋት፣ ዝቅተኛው 900 ዋት የሆነ መሣሪያ በዚህ ክፍል ቢተከል፣ ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ900 በታች ስለሚፈልግ፣ ኢንቨርተር ያለው መሆኑ ሳያድነው እንደ ጥንቱ እየተነሣና እየቆመ ይሠራል። ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፣ ያለ ልክ የተገዛ ኃይል ጥቅሙን ያጣል።

ከመሣሪያውም በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። ከ120 ዋቱ ግማሹ፣ ማለት 60፣ በቆርቆሮው የሚወጣ ቢሆንና ጥሩ ኮርኒስ ከነሽፋኑ ተሠርቶ ወደ 15 ቢወርድ፣ የቤቱ ኪሳራ በዲግሪ 75 ዋት ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ በታኅሣሥ ንጋት የሚያስፈልገው 900 ዋት ነው፤ 400ውን ሰዎቹ ከሰጡ የሚቀረው 500 ነው። መሣሪያው በ1 ዋት 4 ዋት ሙቀት ቢያመጣ የሚበላው ኤሌክትሪክ 125 ዋት ብቻ ነው። ይህም ሁለት የድሮ አምፖል እንደ ማብራት ነው። የእንጀራ ምጣዳችን ከ3,000 ዋት በላይ የሚስብ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያስደንቃል።

የከፍታውና የመስመሩ ነገር

በእኛ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚያሳልፈው አየር በክብደት ያንሳል፤ መሣሪያው የሚቀዳውም ሙቀት በመጽሐፉ ከተጻፈው ጥቂት ይቀንሳል። በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ግን የታሸገ በመሆኑ ከፍታው አይነካውም። በአውሮፓ ይህን መሣሪያ የሚያስቸግረው ውርጭ በውጭው ሳጥን ላይ መጋገሩ ነው፤ በእኛ ዘንድ አየሩ እንደዚያ ስለማይወርድ ይህ ችግር አልፎ አልፎ ካልሆነ አያጋጥምም።

የሚያሳስበው መስመሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ይጠፋል። በክረምት መብረቅ ሲበዛና ኃይሉ ሲዋዥቅ የኢንቨርተሩ ኤሌክትሮኒክ ክፍል ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ የቮልቴጅ መከላከያ ያስፈልገዋል። የሆነ ሆኖ የሀገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚገኝ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ኃይል 43 ሜጋዋት ያህል ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከውሃ የሚገኝ ኤሌክትሪክ ባለበት ሀገር ዛፍ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ፣ ጋዙን በተዘጋ ቤት መተንፈስ ለዘለዓለም የምንኖርበት ዕጣ መሆን የለበትም።

መደምደሚያ

የመሣሪያው ዋጋ ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ሁሉም ነገ ይግዛ ማለቴም አይደለም። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት፣ ከሁሉም ይልቅ በመኝታ ቤት፣ አይደር። ከደጅ የተቀጣጠለም ቢሆን፣ የቀላም ቢሆን አይግባ። ቀጥሎ አቅም ያለው ሁሉ ኮርኒሱንና የበሩን ሽንቁር ያስተካክል፤ ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጥቅሙም ወዲያው ይታያል። ሦስተኛ፣ መሣሪያው የሚተከልበት ጊዜ ሲመጣ በመጀመሪያ አራስ ልጆች ለሚተኙባቸው፣ አረጋውያንና ስሜት ያጡ ሕመምተኞች ለሚኖሩባቸው ቤቶች ይታሰብ።

ለጓደኞቼም የምለው አለኝ። ኢንቨርተርን መጠገን፣ ለቆርቆሮ ቤት የሚስማማ ዝቅተኛ ልክ ያለው መሣሪያ መሥራት፣ ለእኛ ከፍታ የሚሆነውን ማራገቢያ ማስላት፣ እነዚህ ሁሉ ገና ሠራተኛ የሚጠብቁ ሥራዎች ናቸው። በክፍል የምንማረው የግፊትና የሙቀት ሕግ ለፈተና ብቻ የተጻፈ አይደለም። ከሰፈራችን አባቶችና እናቶች አንዱ እንኳ እጁ ሳይቃጠልና ትንፋሹ ሳይታፈን ሞቆት እንዲያድር ቢያደርግ፣ ትምህርቱ ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው።